ድምፅ አልባው ራኬት፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ታሪክ ለተሸነፈ ተጫዋች ምን ይነግረዋል?

ተጋጣሚያችሁ ሰርቭ ያደርጋል። ኳሷ ፈጣን አይደለችም፤ እንዲያውም ቀስ ብላ፣ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው። "ይቺማ ቀላል ናት" ብላችሁ ራኬታችሁን ታቀርባላችሁ። ኳሷ ግን ራኬቱን እንደነካች ቁልቁል ወርዳ መረቡ ውስጥ ትገባለች። በሚቀጥለው ሰርቭ ከፍ አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ፤ አሁን ደግሞ ጣሪያ ልትነካ ትደርሳለች። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው የሚመስል ሰርቭ። ምን ተፈጠረ?

በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ጠረጴዛ ቴኒስ የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ቅጽበት ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስም አንድ ነው፦ "የሱ ራኬት እኮ ጥሩ ነው!" መልሱ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ራኬት ልዩነት ያመጣል። ነገር ግን ይህ ክርክር እኛ አልጀመርነውም። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ከ70 ዓመት በፊት ተከራክረውበታል፤ አንዳንዶቹም ዕድሜያቸውን ሙሉ። የዚያን ክርክር ታሪክ ማወቅ ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ ምን ብታደርጉ እንደሚሻላችሁ ይነግራችኋል። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ ድምፅ ነው

ጨዋታው የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ሰዎች የሜዳ ቴኒስን ወደ ቤት አስገብተው፣ ከእራት በኋላ በምግብ ጠረጴዛ ላይ መጫወት ጀመሩ። በ1900 አካባቢ ከሴሉሎይድ የተሠራች ቀላል ኳስ መጣች፤ ጨዋታውም ተስፋፋ። ከቀደሙት ራኬቶች አንዳንዶቹ እንደ ትንሽ ከበሮ ብራና የተወጠረባቸው ነበሩ። አዎ፣ ብራና፤ የግዕዝ መጻሕፍት የተጻፉበት ዓይነት የእንስሳ ቆዳ። ኳሷ ብራናውን ስትመታ አንድ ድምፅ፣ ጠረጴዛውን ስትመታ ሌላ ድምፅ ትሰጣለች፦ ፒንግ፣ ፖንግ። የንግድ ስም ሆኖ የተመዘገበው "ፒንግ ፖንግ" ከዚህ ድምፅ የመጣ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ብራናው ቀረና በእንጨቱ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ያሉት ስስ ጎማ መለጠፍ ተለመደ። ይህ ራኬት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ነገሠ። በ1926 ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ተካሄደ። ሃንጋሪዎች ብርቱ ነበሩ፤ ቪክቶር ባርና ብቻውን በነጠላ 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

የዚያ ዘመን ጨዋታ አንድ ችግር ነበረበት፤ መከላከል ከማጥቃት ይቀል ነበር። በ1936 ፕራግ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፖላንዳዊው አሎይዚ ኤርሊክና ሮማኒያዊው ፋርካስ ፓኔት ሲገናኙ የመጀመሪያዋን አንዲት ነጥብ ለመጨረስ ከ2 ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ሙሉ ጨዋታውን አይደለም፤ አንዲት ነጥብ! በሚቀጥለው ዓመት መረቡ ዝቅ ተደረገ፤ የጊዜ ገደብም ተቀመጠ። ያም ሆኖ በ1937 የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ሩት አሮንስና ኦስትሪያዊቷ ትሩዲ ፕሪትዚ በተሰጣቸው ጊዜ ሊጨርሱ ስላልቻሉ ሻምፒዮንነቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ሁለቱም ሻምፒዮን ናቸው ተብሎ የተወሰነው ከ64 ዓመት በኋላ፣ በ2001 ነው።

ማጥቃት ለምን ከበደ?

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ነገሩን በደንብ ያሳየናል። ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ርዝመት አለው። መረቡ በመካከሉ 15.25 ሳንቲ ሜትር ቆሟል። አሁን ኳሷ በእናንተ ጠርዝ ላይ፣ ልክ በመረቡ ከፍታ ላይ ናት እንበል። ሳትሽከረከር፣ ቀጥ አድርጋችሁ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትመቷታላችሁ። ይህ በሰከንድ 15 ሜትር ማለት ነው።

መረቡ ጋ ለመድረስ ወደ 0.09 ሰከንድ ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ የመሬት ስበት ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያወርዳታል፤ ስለዚህ መረቡ ውስጥ ትገባለች። "እሺ፣ ትንሽ ወደ ላይ ልምታት" ትላላችሁ። መረቡን በጭንቅ እንድታልፍ አድርጋችሁ ብትልኳት ደግሞ ስበቱ ቶሎ አያወርዳትም። አየር ባይኖር ኖሮ 3.7 ሜትር ገደማ ላይ ነበር የምታርፈው፤ ጠረጴዛው ካለቀ አንድ ሜትር ያህል አልፋ ማለት ነው። አየሩ በእርግጥ ፍጥነቷን በጣም ይቀንሰዋል፤ እሱን ብንቆጥርም እንኳ ጠርዙን አልፋ ነው የምትወድቀው።

ባጭሩ፣ ዝቅ ያለችን ኳስ በዚህ ፍጥነት፣ ያለ ሽክርክሪት መምታት አይቻልም። ጉልበት የማነስ ጉዳይ አይደለም፤ መረቡና ጠረጴዛው አይፈቅዱም። መፍትሔው ከስበት ሌላ ኳሷን ወደ ታች የሚጫን ኃይል ማግኘት ነው። ያ ኃይል ከሽክርክሪት ይመጣል። ኳሷ ወደፊት እየተሽከረከረች ስትሄድ በዙሪያዋ ያለውን አየር እየጎተተች ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ አየሩም በአጸፋው ኳሷን ወደ ታች ይገፋታል። ይህ የማግነስ ውጤት ይባላል። እግር ኳስ ላይ የምታዩት የሚታጠፍ ቅጣት ምትም የዚሁ ዘመድ ነው።

በአሮጌው ራኬት ሽክርክሪት መስጠት ይቻል ነበር፤ ብዙ ግን አይደለም። ጉብታዎቹ ኳሷን የሚነኩት በትንሽ ቦታ ነው፤ ከሥራቸውም ደረቅ እንጨት ነው ያለው። የቀረውን የታሪክ ክፍል የለወጠው ከጎማው ሥር የገባው ነገር ነው።

ቦምቤይ፣ 1952

በ1952 የዓለም ሻምፒዮናው ወደ ሕንድ፣ ዛሬ ሙምባይ ወደምትባለው ቦምቤይ መጣ። ከጃፓን ቡድን ውስጥ መነጽር የሚያደርግ፣ ብዙ ሰው ከቁብ ያልቆጠረው ተጫዋች ነበር፤ ሂሮጂ ሳቶ። ራኬቱ ላይ የተለጠፈው የተለመደው ጎማ ሳይሆን ወፍራም ስፖንጅ ነበር።

የሆነውን ለመረዳት የዚያን ዘመን ተጫዋቾች ጆሮ ማሰብ ያስፈልጋል። በጠንካራው ራኬት ሲመታ "ኳ!" የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል። ተጫዋቹ ኳሷ በምን ያህል ኃይል እንደተመታች ከዓይኑ እኩል በጆሮው ያውቅ ነበር። ጨዋታውም ሪትም ነበረው፤ ኳ፣ ጠረጴዛ፣ ኳ፣ ጠረጴዛ። የሳቶ ስፖንጅ ይህን ድምፅ ዋጠው። ኳሷ በዝምታ ትነሳለች፤ ከዚያም ከተጠበቀው ፍጥነት በላይ ትደርሳለች።

ከወደቁት መካከል አሜሪካዊው ማርቲ ሪስማን ነበር፤ በ1949 የእንግሊዝን ኦፕን ያሸነፈ፣ በኃይለኛ ፎርሃንዱ የታወቀ፣ ለዋንጫው ከታጩት አንዱ። ሳቶ በፍጻሜው ሃንጋሪያዊውን ዮዤፍ ኮጺያንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሪስማን ስፖንጁን ይቅር አላለውም። ጨዋታው በሁለት ተጫዋቾች መካከል ከሚደረግ ንግግር ወደ ማታለል ተለወጠ ብሎ ያምን ነበር። በአሮጌው ራኬት መጫወቱን ቀጠለ፤ በ1997 በ67 ዓመቱ የአሜሪካን የጠንካራ ራኬት ብሔራዊ ሻምፒዮና አሸነፈ። ይህን ሰው "ሽንፈቱን መቀበል ያቃተው" ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ተጋጣሚዬ ሊያውቀው በማይችለው ነገር ባሸንፍ፣ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ወይስ ዕቃዬ?

ስፖንጅ ምን ይሠራል?

ኳሷና ራኬቱ የሚገናኙት ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ጠንካራው ራኬት ላይ ኳሷ ነክታ ወዲያው ትመለሳለች። ስፖንጅ ላይ ግን ትንሽ ትሰምጣለች፤ ፍራሽ ላይ እንደወደቀ ሰው። ስፖንጁ እንደ ስፕሪንግ ይታመቅና ጉልበቷን መልሶ ይሰጣታል። ድምፁ የሚጠፋውም ለዚሁ ነው፤ ግጭቱ ለስለስ ብሏልና።

የሳቶ ስፖንጅ በዋናነት የሰጠው ፍጥነትና ግራ መጋባትን ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ቀጥሎ፣ በስፖንጁ ላይ ጎማ ሲለጠፍ ነው። በተለይም ጉብታዎቹ ወደ ውስጥ ዞረው ለስላሳው፣ የሚይዘው ገጽ ወደ ውጭ ሲሆን ኳሷ ትሰምጣለች፣ ጎማው ይይዛታል፣ እጃችሁ ወደ ላይ ጠርጎ ሲሄድ ጎማው ይለጠጥና መልሶ ሲሰበሰብ ኳሷን ያሽከረክራታል። ዛሬ አብዛኞቻችሁ የምትይዙት ራኬት የዚህ ዘር ነው።

ማገድ ወይስ መማር?

አንድ ያልገባን ነገር ሲያሸንፈን ሁለት መንገድ አለ፤ "ይከልከልልን" ማለት ወይም ቁጭ ብሎ ማጥናት። የጠረጴዛ ቴኒስ ዓለም ሁለቱንም ሞከረ።

ክርክሩ 7 ዓመት ያህል ፈጀ። በ1959 ፌዴሬሽኑ ወሰነ፤ ጎማ ያልለበሰ ስፖንጅ ተከለከለ፤ ስፖንጅ ከነጎማው ግን ማጣበቂያውን ጨምሮ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ አዲሱ ነገር አልታገደም፣ ልክ ተበጀለት።

በዚህ መሀል ተጫዋቾቹ ዝም ብለው አልጠበቁም። ሳቶ ሁለተኛ የዓለም ነጠላ ዋንጫ አላገኘም። ስፖንጁን ወደ ሙሉ አጨዋወት የለወጡት ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ጃፓናዊው ኢቺሮ ኦጊሙራ በፈጣን እግሩና በማያቋርጥ ማጥቃቱ በ1954 እና በ1956 ዋንጫውን ወሰደ። በሌላ በኩል ሮማኒያዊቷ አንጄሊካ ሮዜአኑ በጠንካራ መከላከሏ ከ1950 እስከ 1955 በተከታታይ 6 ጊዜ የሴቶች ሻምፒዮን ሆናለች፤ ከስፖንጁ በፊትም በኋላም ማለት ነው። ዕቃው ሁሉን ነገር ቢወስን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው ማዕበል መጣ። በ1960 አካባቢ ጃፓኖች ኳሷን ከታች ወደ ላይ በኃይል ጠርጎ የመምታትን ስልት አዳበሩ፤ ተጫዋቾች "ሉፕ" ይሉታል። ከላይ የሠራነውን ሒሳብ አስታውሱ፤ በኃይል የተሽከረከረች ኳስ መረቡን ከፍ ብላ አልፋ ትታጠፍና ጠረጴዛው ላይ ትወርዳለች። ሊመልሷት የሞከሩት ኳሷ ከራኬታቸው ላይ ወደ ጣሪያ ስትሸሽባቸው ያዩ ነበር።

የ1961ዱ የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጅ ቤጂንግ ነበረች። ቻይና ከ2 ዓመት በፊት በሮንግ ጉዎቱዋን አማካይነት በየትኛውም ስፖርት የመጀመሪያዋን የዓለም ሻምፒዮን አግኝታለች፤ በቡድን ግን ከ1954 ጀምሮ በተከታታይ 5 ጊዜ ያሸነፈችው ጃፓን ናት። አሁን ደግሞ ጃፓኖች አዲስ ምት ይዘው እየመጡ ነው ተባለ።

ቻይናዎቹ ያደረጉት ነገር ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚገርመው ነው። ከተጫዋቾቻቸው አንዳንዶቹ የራሳቸውን አጨዋወት ትተው፣ የጃፓኖቹን ሉፕ እየመሰሉ መምታት ጀመሩ። ዓላማቸው ራሳቸው ማሸነፍ አልነበረም፤ ጓደኞቻቸው ያን ኳስ ደጋግመው እንዲያዩትና እንዲለምዱት ነበር። የሻምፒዮናው ቀን ሲደርስ አዲሱ ምት ለቻይና ቡድን አዲስ አልነበረም። ቻይና ጃፓንን 5 ለ 3 አሸንፋ የወንዶች ቡድን ዋንጫን ወሰደች፤ ዡዋንግ ዜዶንግ ደግሞ በነጠላ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1963 እና በ1965ም ደገመው። ለሌላው መለማመጃ የሆኑት ልጆች ስም ግን ዋንጫው ላይ የለም።

የመደበቅ ጥበብና ወሰኑ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ "መማር ሁልጊዜ ያሸንፋል" ብለን በዘጋነው ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ለመማር መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ተጫዋቾች በራኬታቸው ሁለት ጎን ፍጹም የተለያየ ጎማ ለጠፉ፤ ቀለሙ ግን አንድ ዓይነት። አንዱ ጎን ኳሷን ይዞ በኃይል ያሽከረክራል። ሌላው የማይይዝ፣ የሚያንሸራትት ጎማ ነው፤ ሽክርክሪት አይሰጥም፣ የእናንተንም ሽክርክሪት ይዞባችሁ ይመለሳል። ቻይናዊው ጻይ ዠንኋ በዚህ ዓይነት ራኬት ከታወቁት አንዱ ነው። ተጫዋቹ ራኬቱን በእጁ ውስጥ ፈተል አድርጎ ያዞረዋል፤ እናንተ በየትኛው ጎን እንደመታ አታውቁም።

ይህ ከሉፕ በምን ይለያል? ሉፕን የሚመታ ሰው እጁ ይታያል፤ ደጋግሞ ያየ ሰው ይለምደዋል። እዚህ ግን የሚነበበው ነገር ራሱ ተሰውሯል። ስለዚህ በ1983 ሁለቱ ጎኖች በቀለም እንዲለዩ ተወሰነ፤ በ1986 ደግሞ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ጥቁር እንዲሆን። ራኬታችሁ በአንድ ጎን ቀይ፣ በሌላው ጥቁር የሆነው ለጌጥ አይደለም፤ የተጋጣሚያችሁ የማወቅ መብት ነው። (ከ2021 ወዲህ አንዱ ጥቁር እስከሆነ ድረስ ሌላው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ሐምራዊ መሆን ይችላል።)

በ2002 የመጣው የሰርቭ ደንብም ከዚሁ ሐሳብ የተቀዳ ነው። ከዚያ በፊት ሰርቭ አድራጊው በክንዱ ወይም በሰውነቱ ኳሷን ሸፍኖ ይመታ ነበር። አሁን ኳሷ ከተዘረጋ መዳፍ ላይ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተወርውራ፣ እስክትመታ ድረስ ለተቀባዩ መታየት አለባት።

ኳሷም ተለውጣለች። ከሲድኒ ኦሊምፒክ በኋላ በ2000 ዲያሜትሯ ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ ከ2.5 ወደ 2.7 ግራም አደገ። 2 ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም አይደል? አስሉት። አየሩን የምትገፋበት ስፋት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቶሎ ትዘገያለች። ኳሷን ለማሽከርከር ያለው አስቸጋሪነት፣ ፊዚክስ "ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ" የሚለው፣ ወደ 20 በመቶ ያድጋል። ዓይንና አእምሮ ትንሽ ጊዜ አገኙ ማለት ነው።

እንግዲህ ከስፖንጁ እስከ ሰርቩ ያለውን ብናየው አንድ መስመር ይታያል። ጨዋታው ከባድ የሆነን ነገር አልከለከለም፤ የማይነበብ የሆነውን ነገር ነው ልክ ያበጀለት። ሪስማን ስለ ማታለል ያነሳው ቅሬታ በከፊል መልስ አግኝቷል። የቀረው ግማሽ ደግሞ የተጫዋቹ ሥራ ነው፤ የሚነበበውን ማንበብ።

ታዲያ እናንተ ምን ታድርጉ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰርቭ እንመለስ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በክለብ ወይም በትምህርት ቤት ለሚጫወት ሰው የሚጠቅሙ አምስት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ኳሷን ሳይሆን የሚመታትን ራኬት እዩ። በፍጥነት የተመታች ኳስ ጠረጴዛውን በ0.2 ሰከንድ አካባቢ ትጨርሳለች፤ የሰው ዓይን አይቶ እጅ እስኪንቀሳቀስ የሚፈጀውም ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ መረጃውን ከምቱ ቅጽበት ላይ መውሰድ አለባችሁ። የምትፈልጉት መረጃ አንድ ነው፦ ራኬቱ ኳሷን ሲነካ ወዴት እየሄደ ነበር? ከዚያ ይህን ሕግ ያዙ፦ የተጋጣሚያችሁ ራኬት ወደ ሄደበት አቅጣጫ ኳሷ ከእናንተ ራኬት ላይ ትሸሻለች። ራኬቱ ወደ ታች ከሄደ ኳሷ ወደኋላ እየተሽከረከረች ናት፤ ራኬታችሁ ላይ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ስለዚህ ራኬቱን ወደ ላይ ከፈት አድርጉ። ወደ ላይ ከሄደ ወደፊት እየተሽከረከረች ናት፤ ወደ ጣሪያ ትሸሻለች፤ ስለዚህ ራኬቱን ወደ ፊት ደፋ አድርጉ። ወደ ግራው ከሄደ ወደ እሱ ግራ ትሸሻለች፤ እናንተ የእሱ ራኬት ወደተነሳበት፣ ወደ ቀኙ አነጣጥሩ። አንድ ሕግ ለሁሉም ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ኳስ በእጃችሁ ይዛችሁ እያዞራችሁ ፈትሹት። (ሕጉ የሚሠራው ኳሷን ለሚይዝ የተለመደ ጎማ ነው። የሚያንሸራትት ጎማ ላይ የመታችሁት የራሳችሁ ሽክርክሪት ይመለስባችኋል፤ ወደፊት አሽከርክራችሁ የላካችኋት ወደኋላ እየተሽከረከረች ትመጣለች።)

ሁለተኛ፣ ሽክርክሪትን የሚታይ አድርጉት። የአሮጌ ኳስ ግማሹን በእስክሪብቶ ወይም በማርከር ቀቡና ሰርቭ ተለማመዱበት። ሳትሽከረከር የምትሄደው ኳስ ላይ ሁለቱ ቀለማት ተለይተው ይታያሉ፤ በኃይል የምትሽከረከረው ላይ ይደባለቃሉ። ሰርቫችሁ ሽክርክሪት አለው የምትሉትና በእውነት ያለው ስንት እንደሆነ ያኔ ትለያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰርቭ በአንድ እንቅስቃሴ ሥሩ። ሰርቭ ተጋጣሚ የማይነካካው ብቸኛ ምት ነው፤ ብቻችሁን፣ ወረፋው ሳይበዛ መለማመድ ትችላላችሁ። አንዱን ሰርቭ የኳሷን ሥር በስሱ ጠርጋችሁ በኃይል ወደኋላ አሽከርክሯት። ሌላውን በዚያው የክንድ እንቅስቃሴ፣ ግን ሳትጠርጉ ገፋ አድርጋችሁ ያለ ሽክርክሪት ላኳት። የመጀመሪያዋ መረብ ውስጥ ስትገባ ሁለተኛዋ ከፍ ብላ ለመመታት ትመቻቻለች። በመግቢያው ላይ ያየነው እንቆቅልሽ መልሱ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር በግልጽ እየታየ ነው የተደረገው፤ ደንብ አልተጣሰም።

አራተኛ፣ ሦስተኛዋን ምት ቀድማችሁ አስቡ። ከ2001 ጀምሮ አንድ ዙር በ11 ነጥብ ያልቃል፤ ሰርቭም በየ2 ነጥቡ ይለዋወጣል። 11 ለ 9 በሚያልቅ ዙር ውስጥ 20 ነጥቦች አሉ፤ 10ሩ በእናንተ ሰርቭ ይጀምራሉ። አጭርና ወደኋላ የምትሽከረከር ሰርቭ ከሰጣችሁ ተጋጣሚው አብዛኛውን ጊዜ በቀስታ ገፍቶ ነው የሚመልሳት፤ እሷም ወደኋላ እየተሽከረከረች ትመጣለች። እንግዲያው ሰርቭ እንዳደረጋችሁ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላችሁ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ፣ ከታች ወደ ላይ ጠርጋችሁ ለመምታት ተዘጋጁ። ታክቲክ ማለት ባጭሩ ይህ ነው፤ የሚመጣውን መልስ ራሳችሁ መምረጥ።

አምስተኛ፣ የሚያስቸግራችሁን ሰው ፈልጉ። በየክለቡ አንድ "የማይመች" ተጫዋች አለ፤ ግራኝ ነው፣ ወይም እንግዳ ጎማ ይጠቀማል፣ ወይም ሰርቩ አይገባም። ብዙ ሰው እሱን ይሸሻል። የቤጂንጎቹን አስታውሱ፤ እነሱ እንዲህ ያለ ሰው ስላልነበራቸው ከራሳቸው መካከል ፈጠሩ። እናንተ ዝግጁ አላችሁ። ነጥብ ሳትቆጥሩ 15 ደቂቃ ያንኑ ሰርቭ ደጋግሞ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት። በተራችሁም ለሌላው እንዲሁ አድርጉ።

ስለ ራኬትስ? ቢያንስ የሚይዝ ጎማ ያስፈልጋል፤ አቧራ የጠገበ ጎማ ኳሷን አይዝም። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግ አድርጉት። ሲደርቅና ሲያንሸራትት ቀይሩት። ከዚያ በላይ ግን በየወሩ ራኬት መለዋወጥ እጃችሁ የለመደውን ስሜት ያጠፋል። ተጋጣሚያችሁ ሰርቭ ሲያደርግ ኳሷን በክንዱ ከሸፈነም በጨዋ ቋንቋ "እንድትታይ አድርገህ ምታት" በሉት፤ ደንቡ ከእናንተ ጋር ነው።

ግልጽ ሰርቭ ሆኖ፣ የተለመደ ራኬት ሆኖ፣ አሁንም ኳሷ መረብ ውስጥ ከገባች ግን "የሱ ራኬት እኮ" ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ ራኬቱ ወዴት ነበር የሄደው? መልሱን ካላያችሁት በሚቀጥለው ሰርቭ ላይ እሱን ብቻ እዩ። ነጥቧ ብትሄድም ትሂድ፤ ካያችሁት ቀጣዩዋን ትመልሷታላችሁ።